አዲስ ቢሮ፣ የድሮ ደብተር፦ የትራንዚተሬ «ለውጥ» ስንት ቀን ቆጠበልኝ?

አዳማ ውስጥ ሴራሚክና የፊኒሺንግ ዕቃ እሸጣለሁ። ሱቄ ፍራንኮ አካባቢ ነው። እስከ 2009 ዓ.ም. ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ግን ራሴ አስመጣለሁ። ዛሬ የምጽፈው ዕቃዬን ከጉምሩክ ስለሚያወጣልኝ ትራንዚተር ነው። ስሙን አልጠራም። አዳማ ሰፊ ከተማ ብትመስልም ለነጋዴ ጠባብ ናት። ነገ ማክያቶ ስጠጣ አጠገቤ ሊቀመጥ ይችላል።

ፍርዴን ከፊት ልናገር። ከአምስት ሦስት ኮከብ። በ2015 ዓ.ም. ቢሮውንና አሠራሩን ከመለወጡ በፊት ብትጠይቁኝ አራት እሰጠው ነበር። ግን ቢሮው አልባሰበትም። እንዲያውም ተሻሽሏል፤ ደብተሬ ራሱ ይመሰክራል። ተሻሽሎ እንዴት ኮከብ ይቀነስበታል ትሉ ይሆናል። እኔም ነገሩ የገባኝ የእህቴ ልጅ ካስረዳኝ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደብተሩ። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ የቡና ቀለበት አለበት። ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር አንድ መስመር እሰጣለሁ። መርከቡ ጅቡቲ የደረሰበት ቀን፣ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ የገባበት ቀን፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) የቀረበበት ቀን፣ ከደረቅ ወደቡ በር የወጣበት ቀን፣ ሱቄ የደረሰበት ቀን፣ ባዶው የተመለሰበት ቀን። ስድስት ዓምድ። የጀመርኩት ለጥናት ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ ባዶ ኮንቴይነር ዘግይቼ መልሼ ተቀጣሁና ከዚያ ወዲህ ቀን መጻፍ ለመደብኝ።

የዕቃዬን መንገድ ላላወቀ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገር። ኮንቴይነሩ በመኪና ሲመጣ ከጅቡቲ በጋላፊ ይገባል፤ ሚሌን፣ አዋሽን፣ መተሐራን አልፎ አዳማ ይደርሳል። አዳማ ደርሶ አይቆምም። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ ሞጆ ይሄዳል። እዚያ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ተፈትሾ፣ እንደገና ወደ አዳማ ይመለሳል። በባቡርም ያው ነው። የኤሌክትሪኩ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኮንቴይነር በሐዲድም ይመጣል፤ ሐዲዱም አዳማን አልፎ ነው ሞጆ የሚደርሰው። አንዳንዴ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ተሳቢ ሲያልፍ ሳይ «የኔ ይሆን እንዴ?» እላለሁ። እንግዳ በራፍህን አልፎ ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥቶ ወዳንተ እንደሚመለስ ማለት ነው።

ሥርዓቱን አልጠላውም። ሞጆ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያስመጡ የነበሩ ሰዎች ጅቡቲ ድረስ ሰው ልከው ይንገላቱ እንደነበር ሲያወሩ እሰማለሁ። በ2004 ዓ.ም. የመርከቡ፣ የትራንዚቱና የደረቅ ወደቡ ሦስት የመንግሥት ድርጅቶች ተዋህደው አንድ ሆኑ። መልቲሞዳል የምንለውም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ዕቃው ከቻይና ወደብ እስከ ሞጆ በአንድ ሰነድ ይመጣል፤ ጅቡቲ ላይ የኔ ሰው መቆም አያስፈልገውም። ስለዚህ ትራንዚተሬን የምመዝነው በሁለት ዓምድ መካከል ብቻ ነው። ሞጆ ከገባበት ቀን እስከ በር የወጣበት ቀን። ከዚያ በፊት ያለው ባሕሩና መንገዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሾፌሩና እኔ ነን።

የድሮው ቢሮ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ክፍል ነበረች። አምስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የማይዘጋ የብረት መደርደሪያ። የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ወረቀቱ ሁሉ በድንጋይ ተጭኖ ነበር የሚቀመጠው፤ ከመካከላቸው አንዱ የኔ የሴራሚክ ናሙና ቁራጭ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ማለትም በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ዕቃ ዝርዝር፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረገ ያነባል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። «ይቺ ሁለተኛ መስመር ላይ ያለችው ምንድን ናት? ናሙና ናት ዕቃ?» ይለኛል። እያዛጋሁ እመልሳለሁ። አሰልቺ ሰው ነበር፣ እግዜር ይስጠውና።

በ2015 ዓ.ም. ቢሮው ተለወጠ። ሕንፃ ላይ ወጡ፣ ሁለተኛ ፎቅ። መስታወት ያለው ባንኮኒ፣ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን፣ አራት ኮምፒውተር፣ ዘጠኝ ሠራተኛ። ውሃ የሚያቀዘቅዝ ነገርም አለ። ከሁሉም የወደድኩት ቴሌግራሙን ነው። ኮንቴይነሬ ሞጆ ሲገባ መልእክት ይመጣል። ዲክላራሲዮን ሲቀርብ ይመጣል። ቀረጡ ሲሰላ ፎቶው ይመጣል፣ እኔም እዚያው በሞባይል ባንክ እከፍላለሁ። ድሮ ለዚህ ሁሉ ቢሮ ድረስ በባጃጅ እመላለስ ነበር። ለቴሌግራሙ ብቻ ሙሉ ኮከብ ይገባቸዋል። ባንኮኒው ላይ ያሉት ልጆችም ትሁት ናቸው፤ «እትዬ፣ ይቀመጡ» ሳይሉ ሥራ አይጀምሩም። ጋሼ ግን አሁን የራሱ ክፍል አለው፤ በሩ ዝግ ነው። ወረቀት ሲያነብ ካየሁት ቆየሁ።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ የሚገባው። የማስተርስ ተማሪ ነው፤ የሚያጠናው ከለውጥ በኋላ የኮንቴይነር ወደቦች ቅልጥፍናና ምርታማነት እንዴት እንደሚለካ ነው። ቤቴ መጥቶ ሽሮ እየበላ ስለ ናይጄሪያ ያወራኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተርሚናሎቿን ለግል ኩባንያዎች አስተላለፈች። ስለ ሜክሲኮ ያወራል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወደብ ሕጓን ቀየረች። «ከዚያስ ተሻሻሉ?» ብዬ ስጠይቀው ቶሎ አይመልስም። «በምን ተለክቶ?» ይላል። ያናድዳል፤ ግን ልክ ነው።

አንድ ቀን ደብተሬን አየ። ዓይኑ በራ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ዳታ ነው!» አለኝ። ነገሩን ያስረዳኝ በእንጀራ ነው። እኔም በእንጀራ ላስረዳችሁ።

ሁለት ሴቶች በእንጨት ይጋግራሉ እንበል። በአንድ ጠዋት አንዷ 60፣ ሌላዋ 40 ታወጣለች። ምጣዱ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰዓቱም እኩል ነው። እንግዲህ 60 የሚቻለው ጣሪያ ነው። ሁለተኛዋ የጣሪያውን 0.67 ያህል ላይ ናት። ከዚያ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙ። የመጀመሪያዋ 100 አወጣች። ሁለተኛዋ 50። ሁለተኛዋ ተሻሽላለች? አዎ፣ ከ40 ወደ 50፤ በሩብ ጨምራለች። ግን አዲሱ ምጣድ ከሚችለው ግማሹን ብቻ ነው የምታወጣው። ድሮ ከጎረቤቷ ብዙም አትርቅም ነበር፤ አሁን ርቃለች። ጭማሪው የመጣው ከምጣዱ ነው። እጇ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ባለሙያዎቹ ይህንን በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ጣሪያው ራሱ ስንት ከፍ አለ ነው። ሌላው አንተ ወደ ጣሪያው ቀረብክ ወይስ ራቅክ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ጠቅላላው ለውጥ ይወጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1953 በጻፈው በስዊድናዊው ማልምኲስት ስም ይጠራል። ጣሪያውን ከዳታው ፈልጎ የሚያወጣውን ዘዴ ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1978 አወጡት። መጀመሪያ የታሰበው ለትምህርት ቤቶች ነበር አለኝ። ወደብ ላይ ሲሆን ግብዓቱ የመርከብ መቆሚያው ርዝመት፣ ክሬኑ፣ ግቢው፣ ሠራተኛው ነው። ውጤቱ በዓመት የተስተናገደው ኮንቴይነር።

እንግዲህ ትራንዚተሬን በዚህ እንመዝን አልን። ጣሪያ ለማግኘት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ጎረቤቴ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣል፣ በሌላ ትራንዚተር። መለዋወጫን ከጉምሩክ ማውጣት ሴራሚክን ከማውጣት ይከብዳል፤ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ መቶ ዓይነት ዕቃ አለ። የሱ ትራንዚተር ከኔ ቢፈጥን ምክንያት የለኝም ማለት ነው። ጎረቤቴ ደረሰኙን ሁሉ በካርቶን ያስቀምጣል። ካርቶኑን ተውሰን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀመጥን።

ከ2015 በፊት የኔ ኮንቴይነሮች በአማካይ 9 ቀን ሞጆ ቆይተዋል። የጎረቤቴ 8። ከዚያ በኋላ የኔ ወደ 7 ወረደ። የጎረቤቴ ወደ 4። የእህቴ ልጅ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፈው፦ የኔ ለውጥ 9 ለ7 ሲካፈል 1.29፤ የጣሪያው ለውጥ 8 ለ4 ሲካፈል 2፤ የመቅረብ የመራቁ ጉዳይ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 0.64። ሰረዝ አድርጎ «ምጣዱ አሪፍ ነው፣ ጋጋሪዋ ግን...» ብሎ ተወው። ምጣዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የጉምሩኩ አሠራር ኮምፒውተር ላይ ወጥቷል፣ ክፍያው በስልክ ሆኗል፣ ፈቃድ በአንድ መስኮት ይጠየቃል። ይህ ለሁሉም ትራንዚተር እኩል ነው የመጣው። ትራንዚተሬ ግማሹን የኔ ሥራ ነው ብሎ ባንኮኒው ላይ ሰቅሎታል።

ደብተሩን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ለሱ እንኳ ልናገር ብዬ ነው እንጂ ለጠብ አልነበረም። ቁጥሩን አየና ወዲያው ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይቺን አውጪና ቁጠሪ» አለኝ።

ልክ ነው። ከለውጡ በኋላ ያሉት ስድስት ኮንቴይነሮች እነዚህ ናቸው፦ 4፣ 5፣ 4፣ 5፣ 6፣ 18። አሥራ ስምንቷን ካወጣናት አማካዩ 4.8 ነው። ከጎረቤቴ ብዙም አይርቅም። የእህቴ ልጅም አመነታ። አንድ ለየት ያለ ቁጥር ይህንን ስሌት በቀላሉ ያዛባዋል፣ ስድስት ኮንቴይነር ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይበቃም አለ። እኔ ግን አሥራ ስምንቷን አላወጣም። የከፈልኩባት እኔ ነኝ።

ስለዚህች ኮንቴይነር ልንገራችሁ። መጋቢት 3 ቀን 2017 ሞጆ ገባች። ሴራሚክ ከባድ ስለሆነ በ20 ጫማ ነው የሚጫነው፤ 40 ጫማው ሳይሞላ ክብደቱ ያልፋል። እስከዚያ ድረስ የማመጣው የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ ብቻ ነበር። የታሪፍ ቁጥሩ በ6907 ይጀምራል። ይህን ቁጥር በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። በዚህች ጊዜ ግን 60 የእጅ መታጠቢያ ጨመርኩ፤ መብራት ኃይል አካባቢ ፔንሲዮን የሚሠራ ደንበኛ አዝዞኝ ነው። መታጠቢያ ሌላ ቁጥር ነው፣ 6910። ኢንቮይሱም ፓኪንግ ሊስቱም ላይ በግልጽ አለ።

አዲሱ የቢሮው ፕሮግራም አንድ ቁልፍ አለው። ያለፈውን ዲክላራሲዮን ይቀዳል። አዲስ ልጅ ነው የሠራው። የኔን ስም ጻፈ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ክብደቱንና ዋጋውን ቀየረ፣ ላከ። ሁሉም 6907 ሆኖ ሄደ። ፈጣን ነበር፤ በገባች በሁለተኛው ቀን ቀርቧል። ቴሌግራሜ ላይ አረንጓዴ ምልክት መጣልኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ለደንበኛዬ ደወልኩ።

ቀይ ወጣ። ማለትም ኮንቴይነሩ ተከፍቶ በዓይን ይታያል። መጋቢት 8 ተከፈተ። ቻይናዊው ጫኝ ሴራሚኩን ከውስጥ፣ ቀላሉን ዕቃ ከበሩ አድርጎታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ነጭ የእጅ መታጠቢያ ነው። ስልሳ መታጠቢያ፣ በወረቀቱ ላይ የሌለ። እኔ አልነበርኩም፤ የሄደው የቢሮው ልጅ ነው የነገረኝ። «እትዬ፣ በጣም ይቅርታ፣ ሲስተሙ ነው የሞላው» አለኝ። ሲስተሙ! ሲስተሙ ፓኪንግ ሊስት አያነብም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ማስተካከያ፣ ማብራሪያ ደብዳቤ፣ ተጨማሪ ቀረጥ፣ ቅጣት፣ የማከማቻ ክፍያ። መጋቢት 21 ወጣች። ደንበኛዬ እስከዚያ አልጠበቀም፤ መታጠቢያውን ከአዲስ አበባ ገዛ። አሁን ይህን ስጽፍ ከስልሳው ሠላሳ አንዱ ሱቄ ጥግ ተደርድረው ያዩኛል። ጋሼ የማከማቻውን ግማሽ ከኪሱ ከፍሎልኛል። ይህን መደበቅ ነውር ነው። ግን ጋሼ ያቺን ፓኪንግ ሊስት በቀይ እስክሪብቶ ቢያነባት ኖሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኝ ነበር። «ይቺ መታጠቢያ ከየት መጣች?»

ሌላ አንድ ነገር ለጋሼ አልነገርኩትም፣ እዚህ ልጻፈው። ከስድስቱ ውስጥ ባለ 4 ቀን የሆኑት ሁለቱ የገቡት ዶላር ጠፍቶ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከመለቀቁ በፊት ማለት ነው። ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጭ በባንክ በኩል የሚከፈልበት ሰነድ፣ የሚከፈትለት ሰው ጥቂት ነበር። ቢሮው ውስጥ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ቁጥር 3 ላይ ቆሞ ይውል ነበር። ሥራ ሲቀንስ ማን አይፈጥንም? የእህቴ ልጅ እንደሚለው በወደቦችም ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ለውጥ ተደረገ ይባላል፣ በዚያው ዓመት ንግዱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ ከዚያ የትኛው የለውጡ፣ የትኛው የገበያው እንደሆነ መለየት ያቅታል። ለዚህ ነው ራስን ከራስ ጋር ብቻ ማነጻጸር የማይበቃው። በዚያው ወር ሌላው ምን ሠራ ማለት ያስፈልጋል። የጎረቤቴ ካርቶን ባይኖር ኖሮ እኔም 9 ወደ 7 ወረደ ብዬ አጨብጭቤ እመለስ ነበር።

ስለ ጅቡቲም የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የኮንቴይነር ወደቦች ደረጃ ላይ ጅቡቲ 61ኛ ነበረች፤ ከሰሃራ በታች ካሉት የመጀመሪያዋ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ዶራሌ 18 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ትልልቅ መርከብ ይቀበላል። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ የኔም ዕቃ በዚያ ነው የሚያልፈው። «ታዲያ የኔ ኮንቴይነር ጅቡቲ ለምን ይቆያል?» አልኩት። ደረጃው የሚለካው መርከቡ ከደረሰበት እስኪወጣ ያለውን ሰዓት ነው አለኝ። መርከቡ አራግፎ ሄደ፣ ጨዋታው አለቀ። ሳጥኑ ግቢ ውስጥ ስንት ቀን ተኛ የሚለው እዚያ ውስጥ የለም። በኔ ደብተር ቋንቋ የሚለካው ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምሮ መርከቡ እስኪወጣ ያለው ብቻ ነው። ትራንዚተሬም እንደዚያው ነው የሚለካው፤ «ዲክላራሲዮን በሁለት ቀን» ብሎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። እውነት ነው፣ በሁለት ቀን ነው። መውጫው ግን አልተለጠፈም።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግማችሁ ለምታመጡ በጣም ጥሩ ነው። የመቅጃው ቁልፍ ለእናንተ ነው የተሠራው። ዋጋውም ከሌሎቹ አይበልጥም። ዕቃ የምትቀላቅሉ ከሆነ ግን ዲክላራሲዮኑ ከመላኩ በፊት ፎቶውን በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ሲጠየቁ ይልካሉ። የታሪፍ ቁጥሮቹን ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ራሳችሁ አስተያዩ። ቀይ እስክሪብቶ ግን ከእናንተ ነው። ወረፋ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ሞጆ የሚሄዱት ልጆች ስለሚወጡ ባንኮኒው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚቀረው።

ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን በትንሹ ከፍቶታል አሉ። አላየሁም፣ ሲባል ሰምቼ ነው።

አሁን በአንድ መርከብ ሁለት ኮንቴይነር ጭኛለሁ፤ ሁለቱም ሴራሚክና መታጠቢያ ተቀላቅሎባቸዋል፣ ዝርዝራቸው አንድ ነው። አንዷን ለጋሼ ሰጠሁ። ሌላዋን ለጎረቤቴ ትራንዚተር። የእህቴ ልጅ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ፤ እንዲህ ያለ ፈተና ወደቦች ላይ ማድረግ አይቻልም አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጅቡቲ ደርሰዋል። ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ከፍቼ የመጀመሪያውን ዓምድ ሞልቻለሁ።